ከታንከሩ እስከ ጋሽ ይመር ጉድጓድ ሠላሳ እርምጃ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ከተማዋ እንዴት ሰነበተች?» ባሉኝ ቁጥር «ተቆፍራለች» እያልኩ አልፋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነትም በዚያ ሰሞን ልደታ አካባቢ ያልተቆፈረ መሬት አልነበረም። የባቡሩ ሐዲድ ገና እየተዘረጋ፣ አሮጌው ሰፈር እየፈረሰ ነበር። እኔም የሄድኩት ለመቆፈር ነው። ያገኘሁትን ግን ለእነሱ በቅጡ አልተናገርኩም። ስለዚህ ልደታን በእግራቸው ረግጠው ለማያውቁ የደሴ ወዳጆቼ ስል የሰባቱን ቀን ጉዞ በተራ ጽፌዋለሁ። ስለ ሐውልትና ስለ ሕንፃ የሚጠብቅ ሰው ግን ከአሁኑ ይቅርታ ያድርግልኝ።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። ታደሰ የሚባል የድሮ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ በጉድጓድ ቁፋሮ ይተዳደራል። ሁለታችንም በወጣትነታችን ልደታ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ተቀጥረን ነበር፤ እሱ መካኒክ፣ እኔ የነዳጅ መጋዘን ሠራተኛ ሆነን ከረምን። ጋራዡ ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን ግቢው ላይ ሕንፃ ሊሠራ መሠረት ሲቆፈር አፈሩ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተና ሥራው ቆመ። ከመሬት ሥር የተቀበረ አሮጌ ታንከር እንዳለ ሁሉም ያወራል፣ የት ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጠፋ። አፈሩና ውኃው ምን ያህል እንደተበከለ የሚመረምረውም ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ጋራዡን ለቅቄ ተምሬ፣ ደሴ ውስጥ የውኃ ጥራት ባለሙያ ሆኜ ስንት ዓመቴ። «በሕይወት ያለህ ምስክር አንተ ብቻ ነህ» አለኝ ታደሰ።

እሑድ ጠዋት ከደሴ ተነሳን። ብርዱ እንደ ልማዱ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሁላችንም በጋቢና በጃኬት ተጠቅልለን ነበር። ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ሐርቡ ስንወርድ ግን ጃኬቱ አንድ በአንድ እየወለቀ፣ መስኮቱ እየተከፈተ ሄደ። ሐርቡ መሐል ስንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ አየና «አንድ ሰዓት» አለ። እንደማንኛውም የሾፌር አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ከዳሷ ሥር በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝና ገንዘብ አልቀበልም አለች። «መንገድ የጣለው ሰው እንግዳ ነው» ብላ ሁለተኛ ሻይ ደገመችልኝ። ደሴ ውስጥ በዚህ ፀባይ ሻይ ቤት ቢከፈት ባለቤቱ በወሩ ይዘጋ ነበር።

ሐርቡ በደረስኩ ቁጥር ጋሽ ይመር ትዝ ይለኛል። የጋራዡ ዘበኛ ነበር፤ የሐርቡ ሰው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ስመላለስ እዚያ ቦታ ላይ አስታውሼው፣ ኮረብታውን ስናልፍ እረሳዋለሁ። ያን ዘመን በየማለዳው ረጅም የእንጨት መለኪያ ወደ ታንከሩ ከትቼ፣ እርጥቡ የት እንደደረሰ አይቼ ለኃላፊው እነግር ነበር። ናፍጣው በየሳምንቱ ይጎድላል። ሌባ ተፈለገ። ግቢው ውስጥ የሚያድረው ዘበኛው ብቻ ነው፤ የዘበኛው ካፖርት ደግሞ ናፍጣ ይሸታል። ኃላፊው ካፖርቱን አስወልቆ ሰጠኝና «አሽትተህ ተናገር» አለኝ። አሸተትኩ፤ ተናገርኩ፤ ፈረምኩ። ጋሽ ይመር ያን ጊዜ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጌታዬ፣ ውኃዬ ነው የሚሸተው። ጉድጓዴን ኑና እዩልኝ።» ቢሮው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው አርፍዶ ሲመጣ ወይም ዕቃ ሲጠፋበት «ውኃዬ ነው» ማለት ቀልድ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ይመርን አባረሩት፤ ካፖርቱንም «ማን ይለብሰዋል?» ብለው ከኋላው ወረወሩለት። ትንሽ ቅር እያለኝም ቢሆን፣ ሌባ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ማታ አዲስ አበባ ገባን። ታደሰ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሆቴል ይዞልኛል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አልጋውም ደህና ነው፣ ውኃ ግን ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ አንድ ጀሪካን ይዛ መጥታ «አባባ፣ ይቺን በቁጠባ» አለችኝ። አባባ መባሌ ከውኃው ማጣት በላይ አስከፋኝ። ደሴም ውኃ ይጠፋል፤ እኛ ግን ሲጠፋ እንማረራለን፣ እዚህ ሲመጣ ነው የሚገረሙት።

ሰኞ ጠዋት ከሆቴሉ ወደ ልደታ ለመድረስ አሥር ደቂቃ የሚበቃው መንገድ አንድ ሰዓት ወሰደብኝ። መንገዱ ለባቡር ተቆፍሮ ታክሲው የሚዞርበት ጠፍቶታል። ወያላው «ፍርድ ቤት ወራጅ!» ሲል ወረድኩ፤ ፍርድ ቤቱ አለ፣ የማውቀው ሰፈር ግን የለም። ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተነስቼ በልቤ እየለካሁ ካልሆነ በቀር የጋራዡን በር የማገኝበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ታደሰ አጥሩ ሥር ቆሞ ሳንቡሳ እየበላ ጠበቀኝ። ሸብቷል፤ እኔም እንደሸበትኩ ያወቅሁት የእሱን ፊት አይቼ ነው።

«ኢንጂነር፣ በል ምራን» አለኝ። ኢንጂነር አይደለሁም። ታደሰ ግን የቀን ሠራተኞቹ እንዲያከብሩኝ ብሎ በዚያው ስም አስጠራኝ።

ታንከሩ ከትልቁ የጽድ ዛፍ በስተግራ ነበር ብዬ ነገርኳቸው። ዛፉ ተቆርጧል፣ ጉቶው ግን አለ። ከጉቶው ተነስተን በእጅ መሰርሰሪያ ቆፈርን። ድንጋይ። ሌላ ቦታ ቆፈርን፤ አሁንም ድንጋይ። ሦስተኛው ላይ መሰርሰሪያው ተሰበረ። ወደ ማታ አካባቢ አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ከኋላ አጥር በላይ ብቅ ብላ ስትታዘበን ቆየችና «ልጆቼ፣ ያ እኮ የባሕር ዛፉ ጉቶ ነው። ጽዱ ወዲያ ነበር» አለች። ታደሰ ወደ እኔ ዞሮ «በሕይወት ያለህ ምስክር» አለና ሳቀብኝ። ቀኑን ሙሉ በተሳሳተ ጉቶ ሥር ስንለፋ መዋላችን ነው።

ማክሰኞ በአሮጊቷ ምልክት ቆፈርን። ሁለት ሜትር ሳንደርስ አፈሩ ከቀይ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ጥቁር ተለወጠ። ሽታው እስከ በሩ ደረሰ። ዝቅ ሲል ብረት ተገኘ፤ ታንከሩ ነው። ሠራተኞቹ አፈሩን ዙሪያውን ሲያወጡለት ሆዱ ሥር ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ታየ። ዙሪያው ዝጎ ጠርዙ ሳስቷል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በአንድ ክረምት አይፈጠርም። ብዙ ዓመት ሲያፈስ የኖረ ቀዳዳ ነው። መለኪያው እንጨት ትዝ አለኝ። ሙያዬ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ናፍጣው አልተሰረቀም፣ ፈስሷል። ለታደሰ ግን የነገርኩት የቀዳዳውን ስፋት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ውኃው ነው። መሬቱ ወደ ኋላው አጥር ያዘነብላል፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ገና ያልፈረሱ ጥቂት ቤቶች ቀርተዋል። ታደሰን አስከትዬ የአሮጊቷን በር አንኳኳሁ። ወይዘሮ ዘሐራ ይባላሉ። ግቢያቸው ጥግ ላይ በቆርቆሮ ተሸፍኖ ድንጋይ የተጫነበት ጉድጓድ አለ።

«ውኃውን ልንመረምር ነበር፣ እናቴ» አልኳቸው።

«ዛሬ?» አሉ። ድንጋዩን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ከለከልኳቸው። «ይህን ውኃ የሚያይ ሰው ስንጠብቅ ነበር እኮ። በጣም ዘገያችሁ።»

ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ይመር ካፖርቱን ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በጋራዡ ዘመን ሚስቱን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም፤ ቤቱ ከአጥሩ ማዶ መሆኑንም አላወቅሁም። ምሳ አቀረቡልን። «ሽሮ ነው፣ ሥጋ የለበትም፣ ሁለታችሁም ሳትጨነቁ ብሉ» አሉ። ክርስቲያኖች መሆናችንን ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ ተረድተው ያሰቡልን ነው። ደሴ ውስጥ ይህን የሚያስቡ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ልደታም አሉ ለካ። ስሜን ጠየቁኝ። «ኢንጂነር ነው» አላቸው ታደሰ አፉን ሞልቶ እንደጎረሰ። እኔም አላረምኩትም።

ረቡዕ ውኃውን ቀዳን። ገና ባልዲው ሲወጣ ላዩ ላይ የዘይት ቀለም ተዘርግቶ ይታያል። በጠርሙስ ሞልቼ አሸግኩና ከጉድጓዱ እስከ ታንከሩ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካሁ። በሪፖርት በሜትር ይጻፋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ በእግሬ ነው የምለካው። አጥሩ ላይ በፈረሰው በኩል አልፌ ቆጠርኩ። ሠላሳ። ከመጋዘኔ በር ብነሳም ከዚያ ብዙ አይበልጥም ነበር። ሠላሳ እርምጃ ሄዶ አንድ ባልዲ ውኃ ማሽተት ነበር የተፈለገብን፤ ሻይ ለመጠጣት ከዚያ እጥፍ በእግራችን እንሄድ ነበር።

በምሳ ሰዓት እማማ ዘሐራ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ይመር ነው። ከሌሊት ተረኛነት ሲመለስ የቦኖ ውኃ ሰልፉ ረጅም ስለሚሆንበት፣ ልብሱን በራሱ ውኃ ያጥብ ነበር። ጎረቤቱ ግን ከቦኖ ይቀዳል። ስለዚህ የሚሸተው የእሱ ልብስ ብቻ ነበር።

«ሲያባርሩት ካፖርቱን ወስጄ በቦኖ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት» አሉ። «ጠረኑ ለቀቀ፣ ወላሂ ለቀቀ። በማግሥቱ በእጁ ይዞት ሄደ። ‹አሁን አሽቱት› ሊላቸው። በር ላይ መለሱት። ከዚያ ወዲህ አላወራም። የመርካቶ ጭነት ተሸክሞ ልጆቹን አሳደገ። ከአገሩ የመጣ ሰው እዚያው ጋራዥ ይሠራ ስለነበረ ወሬው ሐርቡ ደርሷል። እስኪሞት ሐርቡን አልረገጣትም።»

እጄን ከመሶቡ አነሳሁ። ምክንያቱም ያን ቀን አይቼዋለሁ። ከመጋዘኑ መስኮት ሆኜ፣ ካፖርቱን በክንዱ ላይ አጥፎ በሩ ላይ ቆሞ ከተረኛው ጋር ሲነጋገር አየሁት። የጋራዡን ንብረት ሊመልስ መጣ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ብወጣ ኖሮ፣ ካፖርቱን ተቀብዬ አንድ ጊዜ ባሸት ኖሮ ይገባኝ ነበር፤ ልጅ አልነበርኩም፣ የሚያስተውል አእምሮ ነበረኝ። ዛሬ በሙያዬ በየገጠሩ እየዞርኩ ገበሬውን «ውኃህ ምን ይሸታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሳይጠየቅ የነገረኝን አንድ ሰው ግን ሳቅሁበት። እማማ ዘሐራ ያን ነግረውኝም ማንነቴን ሳልናገር እጄን ታጥቤ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በጉዞው ሁሉ እጅግ የማፍርበት ይህ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታደሰ ያስመረመረው ውጤት መጣ። ውኃው ውስጥ ያለው ናፍጣ ነው፤ ያውም የታንከሩ ናፍጣ። ሥራው አለቀ። ታደሰ «እንግዲህ ቢራ» ሲል እኔ ወደ አጥሩ ማዶ ሄድኩ። እማማ ዘሐራ ምስር እየለቀሙ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው።

«ኢንጂነር አይደለሁም፣ እናቴ። መኮንን እባላለሁ። መጋዘኑ ላይ የነበርኩት መኮንን ነኝ።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ስሙን ያውቁታል። ካፖርቱን ማን እንዳሸተተ ይመር ነግሯቸዋል። በሩ ላይ ሲቆምም እንዳየሁትና እንዳልወጣሁ ነገርኳቸው፤ ይህን ግን ማንም የነገራቸው የለም።

«ሁለት ቀን እንጀራዬን በላህ» አሉኝ የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አድርገው።

«በላሁ።»

«እሱ ፎቶው ላይ ሆኖ እያየህ።»

 ይቅርታ ስል ድምፄ ለራሴም ቀጠነብኝ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ እንዲያውም ቆጣ አሉ። «ለእኔ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? እኔ መች ተጠራጥሬው አውቃለሁ? ለጠረጠሩት ንገር። ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎረቤቱን እሰበስባለሁ፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ትናገራለህ።»

ዓርብ ተሰበሰቡ። ብዙ አልነበሩም፤ ግማሹ ሰፈር ወደ ኮንዶሚኒየም ተበትኗል፣ አንዳንዱ ግን በታክሲ መጥቷል። የጉድጓዱ ውኃ ከእንግዲህ ለምንም እንደማይሆን፣ በአካባቢው ሌላ ጉድጓድ ካለ እንዲታይ አስረዳሁ። ከዚያ ስለ ታንከሩ ቀዳዳ፣ ስለ ናፍጣው፣ ስለ ካፖርቱና ስለ ራሴ ተናገርኩ። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሽትተው መልሰው ሰጡኝና «እኔም ሌባ ነው ብያለሁ። እዚህ ቤት ቡና መጠጣት ያቆምኩት ለዚያ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እማማ ዘሐራ ዞረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። የጋራዡ ኃላፊ ግን ሞቷል። ሳቅ የሳቀው ሰው ሁሉ የት እንደሄደ አላውቅም።

ስሰናበታቸው እማማ ዘሐራ ካፖርቱን በፌስታል አድርገው አመጡ። ካኪው ነጥቷል፣ ቁልፉ ግን ሁሉም አለ። «ታናሽ ወንድሙ አሕመድ ሐርቡ ውስጥ አለ። መንገድህ ነው። ይህንን ስጥልኝ፣ የተናገርከውንም ለእሱ ድገምለት» አሉኝ። ከዚያ፣ ያልጠበቅሁትን፣ የመንገድ ስንቅ የሚሆን ዳቦ በላዩ ጨመሩ። ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ተመለስኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ሲንቀጠቀጥ ካፖርቱን ልበሰው የሚል ሐሳብ መጣብኝና ደነገጥኩ፤ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አጥብቄ ይዤ ብርዱን ቻልኩት። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሐርቡ ስንደርስ ደግሞ አናት የሚመታ ሆነ። ወረድኩ። ሾፌሩ «አልጠብቅም» አለኝ፤ «አትጠብቀኝ» አልኩት።

ያቺ ሻይ ሻጭ ሴት አወቀችኝ። አሕመድን ስጠይቃት በጣቷ አሳየችኝ፤ ከመንገዱ ማዶ እህል የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት በፊታቸው ሳልፍ ነበር ማለት ነው። ገብቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ካፖርቱ ይሸታል ብሎ የመሰከረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። የሚመቱኝ መሰለኝ፤ ቢመቱኝም ባልከፋኝ ነበር። ፌስታሉን ተቀበሉኝ፣ ካፖርቱን አወጡ፣ ዘረጉት። አላሸተቱትም። ተነስተው ለበሱት። በዚያ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ በአንድ ሸሚዝ በሚውልበት፣ ቁልፉን ከታች እስከ አንገት ድረስ አንድ በአንድ ቆለፉት። ከዚያ ሱቁን ክፍት ትተው ወደ አስፋልቱ ወጡና በገበያው መሐል መሄድ ጀመሩ። እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ።

«ጋሽ አሕመድ፣ አመመዎት እንዴ? በዚህ ሐሩር ካፖርት?» አለ አንዱ ነጋዴ ከደጃፉ።

«ደህና ነኝ። የወንድሜ የይመር ነው።»

ስሙ ሲጠራ ነጋዴው ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። የሐርቡ ሰው ያን ወሬ አልረሳውም። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። «ይሄስ ሰውዬ ማነው?»

ጋሽ አሕመድ ላቡን በእጅጌው ጠርገው ቆሙ።

«ምስክሩ ነው» አሉ። «ጠይቀው።»

ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወደ ቀጣዩ ደጃፍ ሄድን፤ እዚያም ነገርኩ። ገበያው እስኪያልቅ በየደጃፉ እየቆምን፣ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ነገርኳቸው።